ከሕፃኑ የመጣ ቀይ ካፖርት

ዊዝቢች፣ እንግሊዝ
ኖቬምበር 9 ቀን 1973

እንደ ታላቅ እህት ላሳደግሽኝ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእትዬ ብላዤና፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ድንበሩን አልፎ፣ ከአንቺ ቀድመው ደብዳቤሽን የሚያነቡትን ሰዎች ዓይን ሳያደክም ትሬቦን ደጃፍሽ ይድረስ። ባለቤትሽ ጋሼ ኦታካርስ እንዴት ነው? ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ዓሣ ኩሬው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይውላል? እኔ ጉንፋን ቢጤ ከመነካካቱ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኔቪልም ደህና ነው። ቀን አውቶቡሱን ይነዳል፣ ሲመለስ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጋዜጣ ያነባል።

ልጄስ? አፖሌናዬስ? ስምንት ዓመት ልትሞላ ሁለት ወር ቀራት። አባቷን የሞተር ሳይክል አደጋ ወስዶብን፣ ለስምንት ሳምንት እዚህ እንጆሪ ለቅሜ የክረምት ልብሷን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ አንቺ ጋ ትቻት ስወጣ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። በዚያው ኦገስት የባዕድ ጦር ታንኮች አገራችን ገቡ። አንቺም "ነገሩ እስኪጠራ ትንሽ ቆዪ" ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ቆየሁ። ነገሩ ሳይጠራ ድንበሩ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው። አሁን ሳትመለስ ቀረች ብለው በሌለሁበት ሁለት ዓመት እስራት ስለፈረዱብኝ እኔ መምጣት አልችልም። እሷን ልቀቁልኝ ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻ ሦስተኛው ነው፤ ለሁለቱ መልስ እንኳ አልሰጡኝም።

የገናውን ጥቅል ዛሬ ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ። ቀይ ካፖርት አለበት፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ነው። እጅጌውን ረዘም ያለ የመረጥሁት ስለምታድግ ነው። ዐሥራ ሁለት ቀለም እርሳስም አለ። ካርዱን ኪሱ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

እዚህ ገና አንድ ወር ተኩል ሲቀረው ከተማው ያብዳል። የኔቪል እናት ፑዲንግ የሚሉትን የበዓል ኬክ የሠራችው በኦክቶበር ነው። ዘቢቡን፣ ሞራውን፣ ቅመሙን አንድ ላይ ለውሳ ስምንት ሰዓት ቀቀለችው፤ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። በበዓሉ ቀን አረቄ አፍስሰው በእሳት ይለኩሱታል። አምና "ኧረ ተቃጠለ!" ብዬ ውሃ ላፈስበት ስል ቤተሰቡ በሙሉ ጮኸብኝ። ስጦታ የሚያመጣላቸው በጭስ መውጫ የሚወርድ ወፍራም ሽማግሌ ነው፤ ልጆቹ ለእሱ ካልሲ ይሰቅላሉ። ደግሞ እንደ እኛ በዋዜማው ምሽት አይሰጡም፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ያስጠብቋቸዋል። ከገና በኋላ ያለውን ቀን "የሣጥን ቀን" ይሉታል። ሣጥኑ የት አለ ብዬ ስጠይቅ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ከማን ለማን እንደሆነ ይጽፋሉ። ከአክስት እንትና፣ ከአጎት እንትና። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀርቅረው የምስጋና ደብዳቤ ሲጽፉ ይከርማሉ። እኔም ቀናሁ። እትዬ፣ አምና የላክሁት አሻንጉሊት ደረሰ ብለሽኛል፤ ልጄ ስታየው ምን እንዳለች ግን አልነገርሽኝም። ሁለት መስመር ብቻ ታስጽፊልኛለሽ? ፊደሏ ቢንጋደድም ግድ የለኝም።

ሁልጊዜ የማትረሳሽ፣
ዝዲስላቫ


ትሬቦን
ጃንዋሪ 20 ቀን 1974

ባሕር ለለየኝ ለእህቴ ለዝዲስላቫ፤

ቸሩ ጌታ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ፤ ለባለቤትሽና ለዚያች ምግብ ለምታቃጥለው አማትሽም እንዲሁ። እኛ ደህና ነን። ኦታካር ወገቡ እንደፈጀው ነው፣ ምላሱ ግን አልታመመም።

ጥቅሉ ደርሷል። ከፍተው አይተውታል። ቀለም እርሳሱ የለበትም፤ ምናልባት የሹሞቹም ልጆች ይስሉ ይሆናል። ካፖርቱ ልክክ አለላት። ይዛው ልትተኛ ስትል ነው ያስወለቅኋት። ሰፈሩ ሁሉ "ቀይዋ ልጅ" ይላታል።

ስለ ገና ጠይቀሽኝ የለ? ጉድ ልንገርሽ። ኦታካር ከኩሬው እንደዚህ የሚያህል ካርፕ ዓሣ አመጣና እንደ ልማዳችን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። አራት ቀን ዋኘ። ልጅቷ ስም አወጣችለትና "አቶ ፔፒክ" አለችው። ለበዓሉ ገላሽን ታጠቢ ስላት፣

"አቶ ፔፒክ እያየኝ እንዴት ልብሴን አወልቃለሁ? አንቺስ ብትሆኚ?" አለችኝ።

ኦታካር ቢላውን ይዞ ሲመጣ ደግሞ በሩ ላይ ተጋደመች። በመጨረሻ ሰውየው በባልዲ ተሸክሞት ወደ ኩሬው መለሰው፤ እየተራገመ ሄዶ እያፏጨ ተመለሰ። እኛም ተቆራርጦ የተሸጠ፣ ፊቱን የማናውቀው ዓሣ በዱቄት ለውሰን ጠበስን። የድንች ሰላጣውን እናትሽ እንደምትሠራው ከዋዜማው ዋዜማ ሠርቼ አሳደርሁት። ሦስት ሆኖ ማዕድ መቀመጥ ክፉ ነውና አራተኛ ሳህን አደረግሁ። "ለማን ነው?" አለች። "ለመንገደኛ ነው" አልኳት። ራት እስኪያልቅ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ሾርባውን ሳይቀር ከጎኔ አስቀምጬ ነው የቀዳሁት፤ ቀድሞ የሚነሳ ለከርሞ ከማዕዱ ይጎድላል ሲባል ታውቂያለሽ።

ፖም በአግድም ቆረጥን፣ የሁላችንም መሃሉ ኮከብ ነው፤ ጤና ነው ማለት ነው። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ በሩ ተከፈተ፣ ስጦታው ከዛፉ ሥር ነበር። ደስ አላት።

ለደብዳቤው ትንሽ ታገሺ። ፊደሏ ገና አልጠነከረም። ለማርች ጫማ ብትልኪ ቁጥሯ ሠላሳ ሁለት ደርሷል።

በጸሎቴ የማስብሽ፣
ብላዤና


ዊዝቢች
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1974

ለእትዬ ብላዤና፣ ሰላምሽ ይብዛ፤

ስለ አቶ ፔፒክ የጻፍሽውን ሳነብ ድምፅሽን የሰማሁ መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ኔቪል ምን ሆንሽ አለኝ፤ ስተረጉምለት ግን አልሳቀም። "ዓሣው ስንት ኪሎ ነበር?" ነው ያለኝ።

ጫማውን ገዝቻለሁ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ደግሞ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን አራቴ አነበብኩት። ልብሱ እንደበቃት አለበት፣ ደስ እንዳላት አለበት። የእኔ ስም አንድም ቦታ የለበትም። ካርዱን ኪሱ ውስጥ አግኝታዋለች? "ከእናትሽ" ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካፖርቱን ማን እንደላከላት ታውቃለች?

ዝዲስላቫ


ትሬቦን
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1974

ለእህቴ ለዝዲስላቫ፤

የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ታምሜ ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ጫማው ደርሶ፣ ልጅቷ ተጫምታው፣ ይኸው እየጠበባት ነው። ኦታካር ኩሬውን አድርቀው ዓሣ የሚያወጡበት ወቅት ስለደረሰ በጨለማ ይወጣል። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው መልሱን ለመሸሽ ነው።

አታውቅም።

እስቲ አትቆጪ፣ ስሚኝ። አንቺ እንግሊዝ ቆይተሽ ረሳሽው እንጂ እኛ አገር ጥቅል ላይ የተቀባዩ ስም እንጂ የሰጪው አይጻፍም። ስጦታ የሚያመጣው ሕፃኑ ጌታ ነው። ሽማግሌ የለ፣ ካልሲ የለ፤ ሕፃኑን ያየው ሰውም የለም። ደወሉ ሲደወል መጥቶ ሄዷል። አንቺስ በልጅነትሽ ያንን የእንጨት ፈረስ ማን እንደሰጠሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? አባቴ ነበር የጠረበው፤ ሲሞት እንኳ አላመሰገንሽውም፤ ቅር ሳይለው ሞተ።

የመጀመሪያው ዓመት፣ ታንኩ በገባበት በዚያው ገና፣ ጥቅልሽ ሲመጣ እውነቱን ነግሬያት ነበር። "ከእማማ ነው" አልኳት። ሦስት ዓመት አልሞላትም። ከማግስቱ ጀምሮ እማማ ከኋላ ትመጣለች ብላ በር ላይ ቆመች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመች። ሾርባ ብሰጣት እምቢ፣ ዳቦ ብሰጣት እምቢ። ሐኪሙ "ይህ ነገር ካልቆመ ልጅቷን ታጧታላችሁ" አለን። በሚቀጥለው ዓመት ካርድሽን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ሕፃኑ አመጣው አልኳት። በላች፣ ተኛች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ካርዶቹ አሉ፤ አንድም አልጣልሁም።

ከፍ ስትል እነግራታለሁ። ማልሁልሽ። አሁን የክረምት ካልሲና ጓንት ብትልኪ ጥሩ ነው። የጫማ ቁጥሯ ሠላሳ አራት።

ብላዤና


ዊዝቢች
ዲሴምበር 27 ቀን 1974

ለእትዬ ብላዤና፤

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደህና ግን አይደለሁም። ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። በአንደኛው ሰደብሁሽ፣ በሁለተኛው ራሴን፣ በሦስተኛው ኔቪልን ምን አድርጎ እንደሆነ እንጃ። እዚህ ተቀምጬ ልቆጣሽ አልችልም። እጄ ላይ ምን አለና? ሾርባውን የምታበያት አንቺ ነሽ።

ዘንድሮ የዋዜማውን ራት እንደ አገራችን ላድርግ ብዬ ተነሳሁ። ካርፕ ፍለጋ ሄድኩ። ዓሣ ሻጩ ሳቀብኝ፤ "እመቤት፣ እሱን እኮ ሰው አይበላውም" አለኝ። ወንዝ ዳር የሚያጠምዱትን ሰዎች ለመንኩ። ለካ እነሱ ቀኑን ሙሉ በብርድ ተቀምጠው ይይዙትና፣ ሳም ሊያደርጉት ምንም ሳይቀራቸው መልሰው ወደ ውሃው ይለቁታል። አንደኛውን ሰውዬ ዓሣውን ስጠኝ ብለው ሊገድለኝ ደረሰ። በሌላ ዓሣ ተክቼ ሠራሁ። ሦስት ሳህን አደረግሁ፣ ለእኔ፣ ለኔቪልና ለእሷ። ስንጀምር የሻይ ማንቆርቆሪያው አፏጨና ኔቪል ብድግ አለ። እትዬ፣ ጮህኩበት። "ተቀመጥ! አትነሳ!" ብዬ እጁን ያዝሁት። ምስኪኑ ሰውዬ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ማንቆርቆሪያው እያፏጨ ተቀመጠ። ከዚያ አለቀስኩ፤ እሱም ሰላጣውን በሙሉ በላልኝ፤ የቀዘቀዘ ድንች እንደማይወድ አውቃለሁ።

እንዳልሽው ይሁን። ግን ሕፃኑ የሚባል ነገር አለመኖሩን ከትምህርት ቤት ሰምታ ከመምጣቷ በፊት ንገሪያት። ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ። ከሌላ ሰው ከሰማች ሌላ ነገር ታስባለች።

ዝዲስላቫ


ትሬቦን
ጃንዋሪ 14 ቀን 1976

ለእህቴ ለዝዲስላቫ፤

ጤናና ሰላም ለቤትሽ። ዓመቱን ሙሉ በካርድ ብቻ ሰላም ስንባባል ቆየን፤ አንቺም ጥያቄሽን በየካርዱ ጫፍ መጻፍሽን አልተውሽም፣ እኔም አለመመለሴን። ዛሬ እንደ ምንም ተቀመጥሁ።

አፖሌና ዐሥር ዓመት ሞላት። ቁመቷ ከትከሻዬ አልፏል። ሒሳብ ትችላለች፣ መዘመር አትችልም፤ በዚህ አባቷን ወጥታለች። ለገናው ብስኩቱን ራሷ ነው የጋገረችው፤ በጨረቃ ቅርጽ የሚሠራውን፣ ቫኒላ ያለበትን። ግማሹ ተሰባብሮ ግማሽ ጨረቃ ብንለው የሚሻል ሆነ፤ ኦታካር ግን ይጣፍጣል እያለ፣ እየማለ በላው።

ስለ ሕፃኑ አውቃለች። የክፍል ጓደኛዋ ነግራታለች። ደህና አድርጋ ተቀብላዋለች፤ አላለቀሰችም።

ለወደፊቱ ጥቅል ባትልኪ ይሻላል። የጉምሩኩ ቁጥጥር በዝቷል፣ ኦታካርንም በመሥሪያ ቤቱ ጠያይቀውታል። እኛ የሚያስፈልጋትን እናሟላለን።

ብላዤና


ዊዝቢች
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1976

እትዬ ብላዤና ሆይ፤

ሰላም ላንቺ። "ደህና አድርጋ ተቀብላዋለች" የምትለዋን መስመር ከሰዓት እስከ ምሽት ስመለከታት ዋልሁ። ከዚያስ? ሕፃኑ ካላመጣው ካፖርቱን ማን አመጣው አለች? ጫማውንስ? ምን ብለሽ መለስሽላት? ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ፣ ያውም ሒሳብ የምትችል፣ ይህን ሳትጠይቅ ትቀራለች?

ሌላ ወሬ አለኝ፣ የምሥራች ነው። ማመልከቻዬን ዘንድሮ እያዩት ነው ተብያለሁ። የተለያዩ ቤተሰቦችን ጉዳይ በደግ ዓይን እናያለን ብለዋል አሉ። ማመልከቻውን ከሚያየው ቢሮ ጥሪ ይመጣላችኋል፤ ልጅቷንም ይጠይቋታል። አልጋዋን ገዝቻለሁ። ኔቪል ክፍሉን ቢጫ ቀባው፤ ቢጫ ትወዳለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልሁት። ቢጫ ትወዳለች?

የማይሆን ነገር አትጻፊልኝ። ብትችዪ ዛሬውኑ መልሺልኝ።

ዝዲስላቫ


ትሬቦን
ማርች 6 ቀን 1977

ለዝዲስላቫ፤

እንዴት ነሽ ብዬ ለመጀመር አፍ የለኝም። ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ፣ ያንንም የገናውን ጥቅል ተቀብዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽን ስሚና የፈለግሽውን በይኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን በጠራ ጊዜ ሁሉ ነገር አልፏል።

ስለ ሕፃኑ የሰማች ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ትክ ብላ አየችኝና፣

"ሁሉንም የገዛችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ አይደል? አንቺና አጎቴ?" አለችኝ። "ለዚህ ነው ለራስሽ ልብስ ገዝተሽ የማታውቂው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሕፃኑን ሳመሰግን!"

ከዚያ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ኦታካር ሲመጣም ሮጣ እጁን ሳመችው፤ እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ሽንኩርቱን አየሁ። ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት ልልሽ አስቤ ነበር። አልፈራሁም። ደስ አለኝ፣ ዝዲስላቫ። ልጅ ያልወለድሁ ሴት ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አቅፎኝ የሚያውቅ ፍጡር የለም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ እንጂ ነገ የሚባለው እንደማይመጣ ልቤ ያውቀው ነበር።

ባለፈው ወር፣ በፌብሩዋሪ፣ ከቢሮው ተጠራን። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከረሜላ ሰጣት። ጸሐፊዋ መጻፊያ ማሽኗን አዘጋጀች።

"እንግሊዝ አገር እናትሽ ዘንድ መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አላት።

"አልፈልግም" አለች፣ ጠንከር ብላ። "ያቺ ሴት አንድ ቀን አስባኝ አታውቅም። በዘጠኝ ዓመት አንዲት ክር አልላከችልኝም። ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው፤ ይኸው ጫማዬን እዩት" ብላ እግሯን ዘረጋችለት።

ጫማው አንቺ የላክሽው ነው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። መጻፊያው ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር፤ አልተናገርኩም። ሹሙ አስፈረመኝ፤ ፈረምኩ።

ደረጃውን ስንወርድ እጄን ያዘችና "አይዞሽ፣ የትም አልሄድም" አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ከፍቼ ስምንቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ስትጨርስ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ጫማዋን አወለቀችና የኦታካርን የኩሬ ቦት ጎትታ እስከ ጉልበቷ አጥልቃ ትምህርት ቤት ሄደች።

እኔ ወደ ቢሮው ሮጥሁ። ውሸት ነው፣ የላከችላት እናቷ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሹሙ እንደ በሽተኛ አየኝ። ልጅ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፣ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ራሷ ታመልክት አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በአራተኛው ቀን ዘበኛው በር ላይ መለሰኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እንድታውቂው ብቻ ነው።

ብላዤና


ትሬቦን
ዲሴምበር 11 ቀን 1977

ለወይዘሮ ዝዲስላቫ፤

እኔ አፖሌና ነኝ። ምን ብዬ እንደምጠራዎት ስላላወቅሁ በስምዎ ጠራሁዎ። እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። አጎቴ ኦታካርም ደህና ነው፤ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያስገባልኝ እሱ ነው።

ካርዶቹን አንብቤአቸዋለሁ። በቢሮው ያን የተናገርኩት ያኔ እውነት መስሎኝ ነው። አሁን ሄጄ ሌላ መናገር አይቻልም አሉኝ። ብጠየቅም ምን እንደምል አላውቅም። እርስዎን አላውቅዎትም። ከተማው ውስጥ ባገኝዎት አልፌዎት እሄዳለሁ ብዬ አስባለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ አክስቴ ነው። ከማርች ጀምሮ ምንም አልጻፉላትም። ፖስተኛው ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ከሄደ በኋላ ሣጥኑን ከፍታ አይታ ትዘጋዋለች። ራት አትበላም። ለሁላችንም ትሠራና ቁጭ ብላ ታየናለች። ካርፑን ዘንድሮ አናመጣም ብላለች። እኔ ይቅር አላልኳትም። እርስዎንም ትንሽ ይቆዩ ሲባሉ ስለቆዩ ይቅር አላልኩም። ግን የምኖረው ከእሷ ጋር ነው፤ ስታለቅስ የምሰማትም እኔ ነኝ። ከእሷና ከአጎቴ ሌላ ሰው የለኝም።

እባክዎ ይጻፉላት። ስለ እኔ አይጻፉ። ስለ በዓሉ ምግብ ይጻፉላት። ስለ ምግብ ማንበብ ትወዳለች።

አክባሪዎ፣
አፖሌና


ዊዝቢች
ዲሴምበር 22 ቀን 1977

ለእትዬ ብላዤና፤

እንደምን ከረምሽ? ጋሼ ኦታካርስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

እዚህ አሁን ብርዱ ገብቷል። የኔቪል እናት ለገና የምትጋግረው ትንንሽ ክብ ኬክ አለ። ስሙን ብትሰሚው የተከተፈ ሥጋ ያለበት ይመስልሻል፤ ውስጡ ግን ዘቢብና ፖም ነው። በድሮ ጊዜ ሥጋ ነበረበት አሉኝ፤ እያደር ሥጋው ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀረ። ዱቄቱን በቅቤ ታሺዋለሽ፣ ታቀዘቅዥዋለሽ፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ። ፖሙን በደቃቁ ትከትፊና ከዘቢቡ፣ ከብርቱካን ልጣጩና ከቅርንፉዱ ጋር ታዋህጂዋለሽ። አረቄ ጠብ ይደረግበታል። እሳቱ እንዳይበዛበት፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ ስኳር ነስንሽበት። አንቺ ጋ ያ ዓይነት ዘቢብ ካልተገኘ የደረቀ ፕሪምም ይሆናል፣ ፍሬውን እያወጣሽ።

እስከ እዚህ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ እንደዚያ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ቢጫው ክፍል እንደተዘጋ ነው። ኔቪል በዚያ በኩል ሲያልፍ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል።

ብዪ። ራትሽን ብዪ፣ ካርፑንም አስመጪ። ጻፊላት ያለችኝ ልጄ ናት። ከተለየኋት ጀምሮ እናቷን የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ እምቢ ልላት አልቻልኩም።

ዝዲስላቫ